አንድ ጋቢ፣ ሁለት ሰው፦ የጎቲክ ሙዚቃዊ ቴአትር በጎጃም መድረክ

[ምስል፦ ጨለማ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማል። አንድ ፋኖስ ቀስ ብሎ ይበራል።]

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሐኪም ነው። ቀን ቀን የተከበረ ሰው ነው። ሲያልፍ ይነሡለታል። ማታ ግን ራሱ የቀመመውን መድኃኒት ይጠጣና የጓሮውን በር ከፍቶ ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል። ያ ሌላው ሰው ሕፃን ይረግጣል፣ ሽማግሌ ደብድቦ ይገድላል። ሲነጋ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ሥራ ይገባል።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ ነው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን አጭር ልቦለድ አድርጎ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1886 ነው። በእኛ 1878 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያኔ ጎጃምን የሚገዙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ።

መድረክ ላይ ለመውጣት ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1887 ሪቻርድ ማንስፊልድ የሚባል ተዋናይ ቦስተን ላይ ሁለቱንም ሰው ሆኖ ተጫወተ። በዓመቱ ለንደን ወሰደው። የሚለወጠው እዚያው ተመልካቹ ፊት ነው። ወገቡን ይሰብራል፣ ጣቶቹን ያጣምማል፣ መብራቱ ይቀየራል። በቃ። በዚያው ሰሞን ለንደን፣ ዋይትቻፕል ሰፈር፣ ሴቶች እየታረዱ ይገኙ ጀመር። አንድ ሰው ማንስፊልድን ጠርጥሮ ለፖሊስ ደብዳቤ ጻፈበት። ትወናው እንዲህ ነበር እንግዲህ።

ብሮድዌይ በሚባለው የኒው ዮርክ የቴአትር ሰፈር በሙዚቃ የታየው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዜማው የፍራንክ ዋይልድሆርን፣ ግጥሙ የሌስሊ ብሪከስ ነው። ከኤፕሪል 1997 እስከ ጃንዋሪ 2001 ድረስ 1,543 ጊዜ ታየ። እነዚያ ዘፈኖች ባለቤት አላቸው፤ ያለ ፈቃድ አይነኩም። ልቦለዱ ግን ደራሲው ከሞተ መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ለማንም ክፍት ነው። ስለዚህ እኔ የምለው የራሳችንን ዜማና የራሳችንን ግጥም ይዘን ታሪኩን እንሥራው ነው። ጎጃም ላይ እንሥራው። የውጭ ቴአትርን ወደ አማርኛ መመለስ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን መልሶልናል።

[ምስል፦ ጮቄ ተራራ በጉም ተሸፍኖ።]

መጀመሪያ ጎቲክ ምንድን ነው? ብዙ ሰው መንፈስና ጥርሱ የረዘመ ሰው ይመስለዋል። የጎቲክ ዋና ዕቃ ግን ቤት ነው። አሮጌ ቤት፣ የተቆለፈ በር፣ ሌሊት፣ ጉም፣ የማይነገር ነገር። በልቦለዱ የሐኪሙ ቤት ሁለት መግቢያ አለው። የፊቱ በር ያማረ ነው። የኋላው፣ ወደ መድኃኒት መቀመሚያው የሚያስገባው፣ ቀለሙ የተላጠና የተጎሳቆለ ነው። ደራሲው ሰውየውን ከመግለጹ በፊት ቤቱን ገለጸልን።

እኛ ደግሞ ጓዳ የሚባል ቃል አለን። ሳሎን እንግዳ የሚያርፍበት ነው። ጓዳ ያልታየው የሚቀመጥበት ነው። «ጓዳ ጎድጓዳ» እንላለን። ስለዚህ መድረኩ ላይ ቤተ መንግሥት መገንባት አያስፈልግም። ከፊት ሳሎን፣ ከኋላ ጓዳ፣ በመሃል አንድ መጋረጃ ይበቃል።

ጉሙን በተመለከተ ለንደን መሄድ የለብንም። ጮቄ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ነው። ክረምት ላይ ደብረ ማርቆስ የነበረ ሰው ጉም ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። እኔ ታሪኩን የማስቀምጠው እዚያ ነው፤ በሐምሌ ማታ፣ ዝናብ ባባራበት ሰዓት፣ ፋኖስ በሚበራበት ዘመን።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ላስጠነቅቅ። በእኛ አገር ማታ ማታ ጅብ ስለሚሆን ሰው የሚወራ ወሬ አለ። ለዘመናት ያ ወሬ የተለጠፈው በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በሸማኔው ላይ ነው። እነሱ ሠርተው ያበሉንን ሰዎች ቡዳ እያልን አገለልን። ይህን ቴአትር እዚያ ወሬ ላይ ማንጠልጠል ቀላል ነው፤ ተመልካቹም ወዲያው ይገባዋል። እባካችሁ አታድርጉት። የዚህ ታሪክ አውሬ የሚወጣው ከተከበረው ሰው ቤት ነው። ሁሉም ከሚነሣለት ሰው ቤት። ጉልበቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። አንድ ተዋናይ እንዴት ሁለት ሰው ይሆናል?

ብሮድዌይ ላይ መልሱ ፀጉር ነበር። ሐኪሙ ረጅም ፀጉሩን ወደ ኋላ ያስራል። ሌላው ይፈታዋል። በመጨረሻው ግጭት ሁለቱ እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ ተዋናዩ ጭንቅላቱን ወዲህና ወዲያ ያዞራል፤ በአንድ በኩል የታሰረው ይታያል፣ በሌላው የተፈታው። መብራቱም አብሮ ይቀየራል።

እኔ ጋቢ እሰጠዋለሁ። ሐኪሙ ጋቢውን ደንቡን ጠብቆ ተጎናጽፏል። ትከሻው ላይ በሥርዓት ጣል አድርጎታል፣ ፊቱ ይታያል፣ ቀኝ እጁ ነጻ ነው። ሌላው ሰው ያንኑ ጋቢ ይከናነበዋል። ፊቱ ጥላ ይሆናል። ከሸፈነው ውስጥ የሚታየው አገጩና ግራ እጁ ብቻ ነው። ልብስ ቅየራ የለም፣ ወደ ጀርባ መሮጥ የለም። አንድ እንቅስቃሴ ነው። ጎጃም ላይ ጋቢ አለባበስ ቋንቋ ነው። ሰው ለቅሶ ሲሄድ እንዴት እንደሚለብስ፣ ሽማግሌ ፊት ሲቆም እንዴት እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ተመልካቹ ሳትነግሩት ያነብበዋል።

[ምስል፦ አንድ ሰው ጋቢውን ከትከሻው አንሥቶ ቀስ ብሎ ይከናነባል። ከታች የፋኖስ ብርሃን።]

መብራቱን ከታች ወደ ላይ አድርጉት። ጥላው ከሰውየው ይበልጣል፣ ግድግዳው ላይ ይወጣል።

ነጠላ ደግሞ ሌላ ሥራ አላት። ስስ ናት። ነጠላ ወጥራችሁ ከፊት ለፊት ብርሃን ብትሰጧት ግድግዳ ትሆናለች፤ ከኋላዋ ያለ ሰው አይታይም። የፊቱን አጥፍታችሁ ከኋላ ብታበሩ ግን ጠፍታ ከጀርባዋ ያለው ሰው ብቅ ይላል። የትልልቅ ቴአትር ቤቶች ብልሃት ይኸው ነው፤ እነሱ በውድ ጨርቅ ይሠሩታል፣ እኛ ገበያ ላይ በምትገኝ ነጠላ። የመስታወቱን ትዕይንት በዚህ ሥሩት። ሐኪሙ መስታወት ፊት ይቆማል፤ መስታወቱ የተወጠረችው ነጠላ ናት። ብርሃኑ ሲገለበጥ ከውስጥ የተከናነበ ሰው ያየዋል።

የፊት ለውጥም ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ1931 ከዚሁ ታሪክ የተሠራውን ፊልም ብልሃት ልስጣችሁ። ተዋናዩን በቀይ ቀለም ኳሉት። በቀይ መብራት ሥር ቀዩ ቀለም አይታይም። መብራቱ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሰማያዊ ሲዞር ያው ቀለም ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ተዋናዩ ሳይነቃነቅ ፊቱ ላይ ሽብሽብ ይበቅላል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር በካሜራው ፊት ባለ ቀለም ማጣሪያ ነበር የሠሩት። ባለ ቀለም ላስቲክ ለመጠቀም ካሰባችሁ ግን የሚግል አምፖል ላይ አትሸፍኑ፣ እሳት ያስነሣል። በኤልኢዲ ይሁን።

[ድምፅ፦ ክራር በትዝታ ቅኝት።]

እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ሙዚቃው ነው። ይህን ስሙ። ክራር በሙሉ ትዝታ ተቃኝቷል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሐኪሙ የሚዘፍነው በዚህ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ሞቅ ያለ ነው። አሁን ሚን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉት። ላንም እንዲሁ። ግማሽ ትዝታ ሆነ፤ ማይነር የሚሉት ማለት ነው። ሌላው ሰው መጣ። ከስድስቱ ክሮች የነኩት ሁለት ናቸው። አራቱ እንዳሉ ናቸው።

እኔ ይህን ሰው ከዚህ የተሻለ የሚገልጸው ነገር አላውቅም። ያው ክራር፣ ያው እንጨት፣ ያው ደርዳሪ። ሁለት ክር ላላ።

ስለዚህ ክራር ደርዳሪው ከመጋረጃ ጀርባ አይቀመጥ። መድረክ ላይ ይቀመጥ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲጠጣ ሙዚቃው ይቁም። ደርዳሪው ክሩን እየመታ መቃኛውን ያላላ። ድምፁ ሲንሸራተት፣ ሲወርድ ተመልካቹ ይስማው። አንዱ ክር። ዝምታ። ሁለተኛው ክር። ከዚያ ያቺው ቀድሞ ያማረች ዜማ ተመልሳ ትመጣለች፤ ግን ታማለች።

ልምምድ ላይ ይህን ስንሞክር ያጋጠመንን ልንገራችሁ። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ነው። ተዋናዩ የመጀመሪያውን ዘፈን ሲጀምር ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው ተናጋ፤ ከፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው እንኳ አንድ ቃል አይሰማም። እኔ እጄን አነሣሁ፣ አቁሙ ልል። ልጁ ግን አላየኝም። መዝፈኑን ተወ። ዝናቡ እየወረደ፣ ጋቢውን ከትከሻው በሁለት እጁ አነሣና ቀስ ብሎ ተከናነበ። ከዚያ ዞር ብሎ አየን። ያለ ዘፈን፣ ያለ ክራር። ሲያወሩ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ። አንዲት ልጅ ወንበሯን ወደ ኋላ ስትስብ አየሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ለውጥ ዘፈን የለውም። የዝናብ ድምፅ ብቻ ነው።

ግጥሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጎጃም ነን ብዬ ግጥም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናቸው። ኅብር የሚባለው ጥበብ አንድ ቃል ሁለት ነገር እንዲናገር ያደርጋል። ለዚህ ታሪክ ከዚህ የበለጠ መሣሪያ ከየት ይመጣል? ለሐኪሙ ይህን ጻፍኩለት፦

የሰው ሕመም ሁሉ ሲድን በመዳፌ፣
ራሴን ግን አመመኝ ቆምሁኝ ተደግፌ።

አሽከሩ ይህን ሲሰማ ጌታዬን ራስ ምታት ያዘው ብሎ ቡና ሊያፈላ ይሮጣል። ተመልካቹ ግን ሌላውን ይሰማል። ያመመው ራሱ ነው፤ እሱነቱ። ቃሉን ሁለት ጊዜ አልጻፍኩትም። አንድ ጊዜ ተጻፈ፣ ሁለት ጊዜ ተሰማ። መድረኩም እንደዚያ መሆን አለበት። ሁለት ተዋናይ አታምጡ። ሁለት ድምፅ በቴፕ አትቅዱ። ሕዝቡ አንድ ሰው ይይ።

ሴቲቱንም አስቡባት። በልቦለዱ ውስጥ እጮኛም ሆነ የመጠጥ ቤት ዘፋኝ የለችም። መድረኩ ነው የጨመራቸው። እኔ አንዷን ብቻ አስቀራለሁ፤ አዝማሪ አደርጋታለሁ። መሰንቆዋን ይዛ እንግዳ ፊት ትቆማለች። አዝማሪ እንግዳዋን አይታ ነው የምትገጥመው። የተከናነበው ሰው መጥቶ ሲቀመጥ እጁን ታያለች። ትናንት ልጇን ያከመው እጅ ነው። ቀጥታ አትናገርም፤ በግጥም ትነግረዋለች፣ ቤቱ ሁሉ እየሳቀ። እሱ ብቻ አይስቅም። ያወቀችበት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

አንድ ደፋር ሐሳብ አለኝ። ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረንበታል፤ እኔ ግን አልለቅም። ሌላው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹ መሃል ሲገባ ቀረርቶ ያሰማ። የጎጃም ሕዝብ ቀረርቶ ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ይነሣል፣ እልል ይላል፣ ደሙ ይሞቃል። ቀረርቶ የጀግና ነው፣ ለአውሬ አይሰጥም አሉኝ። እኔም አከብረዋለሁ፤ የምሰጠው ስለማከብረው ነው። ተመልካቹ ይውደደው። ነጻ ነው፣ ማንንም አይፈራም፣ ሐኪሙ የማይለውን ይላል። ያጨብጭቡለት። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሽማግሌውን መንገድ ላይ ሲገድለው ያንኑ ቀረርቶ ቀስ አድርጎ፣ በሹክሹክታ ይመልሰው። ያኔ ያጨበጨበ እጅ ሁሉ ጭኑ ላይ ይወርዳል።

የመጨረሻው ትዕይንት አጭር ይሁን። ሐኪሙ መድኃኒቱ አልቆበታል። ጋቢውን ከራሱ ላይ ሊያወርድ ይሞክራል፤ እጁ አይታዘዝም። ግራው ይይዘዋል። ቀኙ ይጎትታል። ደርዳሪው ያላላቸውን ሁለት ክሮች መልሶ ሊያከር ይጀምራል። የመጀመሪያው ይወጣል፣ ቦታው ይገባል። ሰውየው ፊቱን ይገልጣል፣ ለአንድ መስመር ያህል ሐኪሙ ተመልሶ ይዘፍናል።

ሁለተኛው ክር ሲከር ይበጠሳል። ፋኖሱን አጥፉት።

[ድምፅ፦ ዝናብ።]