ካፒቴን አንደርሰን ሼፓርድን ለምን አመነ?

ናቲ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ማስ ኢፌክት የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ነው፤ ባዮዌር በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ክፍል። ጥያቄያችን ስለ ሼፓርድ አለቃ፣ ስለ ካፒቴን አንደርሰን ነው።

ሰላም፦ ላልተጫወቱት ትንሽ ንገራቸው።

ናቲ፦ የምንጫወተውን ወታደር ሼፓርድን፣ ኤደን ፕራይም በምትባል ፕላኔት ላይ፣ ፕሮቲያን ከሚባሉ የጠፉ ጥንታዊ ፍጡራን የቀረ መሣሪያ ራእይ ያሳየዋል...

ሰላም፦ ያሳያታል። ጾታውን ተጫዋቹ ነው የሚመርጠው፤ የእኔዋ ሼፓርድ ሴት ናት።

ናቲ፦ እሺ፣ ያሳያታል። ሪፐር የሚባሉ ጥንታዊ ማሽኖች ሊመጡ ነው፣ ሁላችንንም ሊያጠፉን ነው ትላለች። ጋላክሲውን የሚመራው የሲታደል ምክር ቤት ሕልም ማስረጃ አይሆንም አላት። አንደርሰን ግን ወዲያው አመናት። ይሄ ነገር የቆጣሪውን ታሪክ ነው የሚያስታውሰኝ።

ሰላም፦ የእትዬን! ንገራቸው፣ ንገራቸው።

ናቲ፦ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ግቢያችን ውስጥ አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነበር የምንጠቀመው። አንድ ማታ በሥሩ ሳልፍ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ለአባቴ ስነግረው «ሂድ ተኛ» አለኝ። አጎቴ ደግሞ ጎረቤት ቆሻሻ እያቃጠለ ነው አለ። ጠላ የሚጠምቁት እትዬ ብቻ ነጠላቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ሰላም፦ ሸቷቸው ነው?

ናቲ፦ ምኑ ይሸታቸዋል! ጉንፋን ይዟቸው አፍንጫቸው ድፍን ብሏል። በመጥረጊያ እንጨት ብሬከሩን ወደ ታች አሉት፣ ግቢው ጨለመ፣ ሁሉም ጮኸባቸው። ጠዋት ሽፋኑ ሲከፈት ገመዱ ቀልጦ ተጣብቋል።

ሰላም፦ ሳይሸታቸው እኮ!

ናቲ፦ በኋላ ለምን አመኑኝ አልኳቸው። «ልጅ ሆኜ ወንዙ ሞልቷል ብዬ ስጮህ ውሸታም ተብዬ ተገረፍኩ። በሬያችንን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲጮህ መጀመሪያ እነሳለሁ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ» አሉኝ።

ሰላም፦ ኧረ እትዬ!

ናቲ፦ አንደርሰንም ያው ነው! ከሃያ ዓመት በፊት የመጀመሪያው የሰው ልጅ ስፔክተር፣ ማለትም የምክር ቤቱ ልዩ ወኪል፣ ሊሆን ታጭቶ ስፔክተር ከሆነው ከሳረን ጋር ተላከ። ሳረን ሥራውን አበላሽቶ ጥፋቱን በእሱ ላይ አላከከ፣ ምክር ቤቱም ሳረንን አመነ። እዚያ አዳራሽ ቆሞ አለመታመን ምን እንደሆነ ያውቃል።

ሰላም፦ እንደዚያ ከሆነ ግን እምነት ሳይሆን ቂም ነው። ሼፓርድ እኮ ኤደን ፕራይምን ያጠቃው ሳረን ነው ብላ ከሳለች፤ ሳረንን የሚከስ ሰው ሲያገኝ ለምን አያምን?

ናቲ፦ ቆይ፣ ቂም ቢሆን ኖሮ ታሊ የተባለችው ገጸ ባሕርይ ያመጣችው የሳረን የድምፅ ቅጂ ተሰምቶ ሳረን ከስፔክተርነት ሲባረር ይበቃው ነበር። በኋላ ምክር ቤቱ የሼፓርድን መርከብ ኖርማንዲን ሲያግድስ? የሳረን ክህደት ታውቋል። ያልታመነው የሪፐሮቹ ነገር ብቻ ነው። አንደርሰን ግን ለዚያ ሲል ሹመቱንም ነፍሱንም አስይዞ መርከቧን አስለቀቀ።

ሰላም፦ ሳረን ግን ገና አልተያዘም ነበር እኮ።

ናቲ፦ እሱስ እውነት ነው።

ሰላም፦ ግማሹ ቂም ነው እላለሁ።

ናቲ፦ ግማሹን እሰጥሻለሁ። እትዬም እኮ የበሬያቸው ነገር እስከ መጨረሻው አልወጣላቸውም። ግን መርከቧን ገና መጀመሪያ ላይ ሲያስረክባት አስታውሺ! የራሱን ኖርማንዲ! ለመርከበኛ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ሰላም፦ እዚያ ላይ አልከራከርህም፣ አልቅሻለሁ። እኔን የሚያናድደኝ ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ቱሪያን ከሚባለው ዘር የሆነው የምክር ቤቱ አባል ሪፐሮች ሲል በጣቶቹ ትእምርተ ጥቅስ የሚሠራው ነው።

ናቲ፦ አባቴም ገመዱን ካየ በኋላ «አይጥ ነው» ብሎ ነበር! እሺ፣ እገዳው ላይ አንደርሰንን የት ነው የምትልኪው? ወደ ሰው ልጆች አምባሳደር ወደ ኡዲና ቢሮ ነው ወይስ ወደ መርከቦች መቆጣጠሪያው?

ሰላም፦ ሁሌም ቢሮው። ኡዲናን የሚመታባትን ያቺን ቡጢ ሳላይ አላልፍም።