የየካቲት ዶላር ከየት ይመጣል?

አቦ፣ እንዴት ናችሁ! ድሬ ሞቃለች። ፋኑ ቢጮህባችሁ ቻሉት፤ ካጠፋሁት እኔ ነኝ የምቀልጠው።

ባለፈው ቪዲዮ ስር አንድ ጥያቄ ተደጋገመ። አሜሪካ ያለ ዘመድ በዓመቱ ከከፈለው ግብር በላይ ገንዘብ ተመለሰለት፤ ይሄ እንዴት ይሆናል? ይሆናል።

ኑ፣ ሳቢያን ሱቅ እንሂድ። የዱቤ ደብተሩን ታውቁታላችሁ። ጠርዙ በዘይት የወዛ፣ እስክሪብቶው በክር የታሰረ። ስማችሁ ስር ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ እንደገና ስኳር። ድምር 800 ብር። አሁን አንድ ደግ ሰው ይመጣና ባለሱቁን "ለእሱ ይሁንልኝ" ብሎ 2,000 ብር ሰጥቶት ይሄዳል። አንዱ ባለሱቅ 800ውን ሰርዞ ደብተሩን ይከድናል። "የቀረውስ?" ስትሉት "ዕዳህ አለቀ አይደል እንዴ?" ይላችኋል። 1,200 ብር ውሃ በላው። ሌላው ባለሱቅ ግን ዕዳውን ይሰርዝና መሳቢያውን ስቦ 1,200 ብር ቆጥሮ ይሰጣችኋል። ዕዳ ባይኖርባችሁ 2,000ውንም ይሰጣችሁ ነበር! እንዲህ ያለ ባለሱቅ ካወቃችሁ ኮመንት ላይ ሰፈሩን ጻፉልኝ፣ ዛሬውኑ እገባለሁ።

ዕዳው ግብር ነው። ደጉ ሰው የሰጠው ገንዘብ ታክስ ክሬዲት ነው፤ መንግሥት ከግብር ዕዳችሁ ላይ የሚቀንስላችሁ ማለት ነው። የቀረውን ቆጥሮ እንደሚሰጠው እንደ ሁለተኛው ባለሱቅ ከሆነ፣ ተመላሽ የሚሆን ታክስ ክሬዲት ይባላል። አለቀ።

የአሜሪካው "ኧርንድ ኢንከም ታክስ ክሬዲት" ይባላል፤ በፈረንጅ 1975 ነው የተጀመረው። ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። ሁለት ልጅ ያለው ሠራተኛ ሠርቶ ባገኘው በእያንዳንዱ ዶላር 40 ሳንቲም ይታሰብለታል። ጣሪያ ሲነካ ይቆማል። ገቢው ከፍ ሲል ደግሞ ክሬዲቱ እየቀነሰ ሄዶ ያልቃል። በፈረንጅ ለ2024 ገቢ ጣሪያው ለሁለት ልጅ 6,960 ዶላር ነበር። ልጅ ለሌለው ስንት? 632። ይሄኛው አልተዋጠልኝም። ልጅ የሌለው ሰው አይርበውም?

ክሬዲቱ ያለበት ተመላሽ በሕግ ከፌብሩዋሪ 15 በፊት አይለቀቅም። በእኛ የካቲት 8 መሆኑ ነው። ጥር ላይ እየደወላችሁ ሰው አታስጨንቁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ኮመንት። "ታዲያ ሥራ ትቶ መቀመጥ ነዋ!" አይ፣ አይ፣ አይ! ቁጭ ካልክና ሠርተህ ያገኘኸው ገቢ ከሌለህ ክሬዲቱ ዜሮ ነው። ሁለት ልጅ ይዘህ 10,000 ዶላር ከሠራህ 4,000 ይታሰብልሃል። ሌላው ደግሞ "ብዙ ከሠራሁ ሁሉንም ያጠፉብኛል" ይላል። እሱም አይደለም። ወደ መቀነሻው ስትደርስ፣ ሁለት ልጅ ላለው፣ ከተጨማሪው አንድ ዶላር 21 ሳንቲም ገደማ ነው የሚቀነሰው። አንዴ ብድግ ብሎ የሚጠፋ ነገር የለም።

እኛ ጋስ? እንዲህ ያለ ነገር የለንም። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው አዋጅ ግብር የማይቆረጥበትን የወር ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳደገው። ከዚራ ካፌ ውስጥ 1,900 ብር የሚከፈላት አስተናጋጅ ግብር አይቆረጥባትም። የሚጨመርላትም የለም። የጡረታ 7 በመቶ ግን ይነካታል፤ እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ። ሰብስክራይብ ሳታደርጉ እንዳትወጡ፣ አቦ!