ቁስቋም ቤት ነበር

እንደምን አደራችሁ! አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞች፣ ለክብረ በዓሉ የቁስቋምን ግቢ ለማጽዳት ማልዳችሁ ከጎንደር ፒያሳ ዳገቱን የወጣችሁ ወጣቶች፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጥረጊያና ማጭድ ይዛችሁ ስለቆማችሁ ብዙ አላቆያችሁም።

ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ቀይ ድንጋይ አያችኋት? የአንድ ክንድ ያህል ናት። በአንድ ፊቷ ግማሽ መስቀል ተቀርጾባታል፤ ሌላው ግማሽ ጎን ለጎን በነበረችው ድንጋይ ላይ መሆን አለበት። በጀርባዋ ደግሞ ኖራው አሁንም እንደያዘ ነው፣ በጥፍር ቢፍቁት አይለቅም። አያቴ ቡና ስታፈላ የምትቀመጠው እሷ ላይ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጭኗ ሥር ገብቼ ጣቴን በመስቀሉ መስመር እየነዳሁ ሦስተኛው እስኪቀዳ እጠብቅ ነበር። ከየት መጣች ብዬ ጠየቅኳት። «ከላይ ከእቴጌዋ ቤት ነው፤ እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባም እዚሁ ነበረች» አለችኝ።

ከእቴጌዋ ቤት ነው ያለችኝ። ከፍርስራሹ አላለችም። ዛሬ የመጣሁት ይህችን ቃል ይዤ ነው።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። ክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ። ባላቸው አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እናትየው ራሳቸው ዘውድ ደፍተው አገሩን ያዙ። ከተማው መሀል፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ፣ የራሳቸው ግንብ ነበራቸው፤ ግን ልባቸው ያረፈው እዚህ ደብረ ፀሐይ ኮረብታ ላይ ነው። እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደት ባረፈችበት በግብፁ ቁስቋም ስም ቤተ ክርስቲያን ተከሉ። አጠገቡ መኖሪያቸውን፣ አዳራሹን፣ ዙሪያውን ደግሞ ክብ ማማ ያለው ቅጥር ሠሩ። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጌጡ ግን ቀይ። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ቀዩ ብቻውን የሚበራ ይመስላል፤ ዛሬ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ እዩት።

እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ታሟል፣ ሰው ተድሯል፣ ሰው ተለቅሷል። በ1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ የእቴጌዋ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ቤተሰብ በፈንጣጣ ተይዞ ነበር፤ እሱም እዚሁ ቁስቋም ተቀምጦ ሕሙማኑን አስታመመ። የመጣው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ነው። እቴጌዋ የነገሩትን እሱ ራሱ ጽፎታል። እንዲህ ነው ነገሩ፦ አንተ ከኢየሩሳሌም ተነስተህ፣ ያንን ሁሉ ክፉ አገርና ሐሩር አቋርጠህ፣ ይዘኸው የማትሄደውን ወንዝና ረግረግ ልታይ መጣህ፤ እኔ የነገሥታት እናት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዙፋን የተቀመጥኩት፣ ሁሉን ትቼ ኢየሩሳሌም በለመንኩና ከቅዱሱ መቃብር ደጅ ፊት ለፊት መንገድ ላይ በተቀበርኩ እላለሁ።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ምክንያቱም ያን ጊዜ ልጃቸው ኢያሱ ሞቷል፤ በ1747 ነው ያረፈው። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ደግሞ፣ የእቴጌዋ ወገን ቋራዎቹና የኢዮአስ እናት ዘመዶች ቤተ መንግሥቱን ሲሻሙ ከትግራይ ተጠርተው በመጡት በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ በ1761 ተገድሏል። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው መከራ ከዚያ ነው የሚቆጠረው። እኛ በትምህርት ቤት ዓመተ ምሕረቱን ሸምድደን አልፈነዋል፤ እሳቸው ግን እዚህ ኮረብታ ላይ የልጅም የልጅ ልጅም ሐዘን ተቀምጠዋል። በ1765 ዓ.ም. አረፉ። ኢየሩሳሌምን አላዩም። ካህናቱ በመስታወት ሳጥን ውስጥ የእናት፣ የልጅና የልጅ ልጅ አጽም ነው ብለው የሚያሳዩንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የደርቡሽ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ቁስቋምም ነደደ። ዛሬ የምንሳለመው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ቤተ መንግሥቱን ግን መልሶ የከደነው የለም። ጣራ የሌለው ግንብ ደግሞ በየክረምቱ ውኃ ይጠጣል፣ ኖራው ይላላል፣ ስንጥቁ ውስጥ ዛፍ ይበቅላል፣ ሥሩ ድንጋዩን ይፈነቅለዋል። የወደቀውን ድንጋይ ደግሞ እኛ እናነሳዋለን። ለአጥር፣ ለምድጃ፣ ለመቀመጫ። አያቶቻችንን አልወቅስም፤ ሜዳ ላይ የወደቀ ድንጋይ ነው ያዩት። እኛ ግን ቦታው ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን እያወቅን፣ ፈረንጅ ሲመጣ «የእኛ ነው» እያልን፣ ማታ ማታ ግድግዳው ሥር ቆሻሻ የምንደፋ ከሆነ ይሄ ያሳፍራል። በጣም ያሳፍራል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ሐረጉን በማጭድ ቁረጡት እንጂ ከግንቡ ላይ አትጎትቱት፤ ሲጎተት ድንጋዩን ይዞ ነው የሚመጣው። የወደቀ ድንጋይ ካገኛችሁ ባለበት ተዉት፣ የት እንደወደቀ ራሱ ለጠጋኞቹ ምልክት ነው። ልጆች ቅጥሩ ላይ አይውጡ። እናንተ እናቶች ደግሞ ቤታችሁ ግቢ ውስጥ ቀይ ድንጋይ ካለ፣ የተቀረጸ ነገር ካለበት፣ እባካችሁ ለደብሩ ንገሩ። ማንም አይጠይቃችሁም፣ ማንም አይቆጣችሁም። እኔ ልጀምር።

አያቴ ካረፈች ቆይቷል። ድንጋይዋን ትናንት ማታ አጠብኳት፤ ከጀበናው የፈሰሰው ቡና ጥግ ጥጉን አጥቁሯታል፣ እሱ አልለቀቀም። አባታችን፣ ይቅረቡና ይቀበሉኝ። ትከብዳለች፣ በሁለት እጅዎ ይያዟት።