የኮሪያኛ ሰላምታ፦ ማን ሄደ? ማን ቀረ?

ሰላም፣ ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ በኮሪያኛ ሰላም ብለን፣ አመስግነን፣ ተሰናብተን እንወጣለን።

ሰላምታው «አንኒዮንግሃሴዮ»። ጠዋትም እሱው፣ ማታም እሱው። ለወንድም እሱው፣ ለሴትም እሱው። ተገላገላችሁ! «ሃሴዮ»ን ቆርጣችሁ «አንኒዮንግ» ብቻ የምትሉት ለጓደኛና ለልጅ ነው። ለአለቃ? ኧረ በፍጹም! መጀመሪያ ተናገሩ፣ ከዚያ ከወገብ ጎንበስ በሉ። እያጎነበሱ ማውራት ድምፅ ያፍናል።

ምስጋና «ካምሳሃምኒዳ»፣ ይቅርታ «ጅዌሶንግሃምኒዳ»። ሲጻፍ «ሃፕኒዳ» ነው፤ «ፕ» ከ«ን» ፊት ስትመጣ «ም» ትሆናለች። የኮሪያኛ ሆሄያትን ስለምታውቁ አልቆይበትም፤ የሆሄያቱን ትምህርት ያላያችሁ ቪዲዮው ከታች አለላችሁ።

አሁን ወደምወዳት ልምጣ፦ ስንብት! እኛ ጋ እንግዳ ሲወጣ አስቡት። ባለቤቱ እስከ በር ይሸኛል፣ «በሰላም ይግቡ» ይላል። እንግዳው ደግሞ «ደህና ይሁኑ» ይላል። እንግዳው ዞር ብሎ ባለቤቱን «በሰላም ይግቡ» ቢለውስ? የት ይግባ፣ ቤቱ ነው እኮ! ኮሪያኛም እንደዚያው ነው። ለሚሄደው «አንኒዮንግሂ ጋሴዮ»፣ ለሚቀረው «አንኒዮንግሂ ጌሴዮ»። ጋ፣ ጌ። ልዩነቷ ይቺው ናት! ከሱቅ ስትወጡ ባለሱቋን «ጋሴዮ» ካላችኋት ከገዛ ሱቋ አስወጣችኋት ማለት ነው። መንገድ ላይ ሁለታችሁም የምትሄዱ ከሆነ ሁለታችሁም «ጋሴዮ»።

ኧረ ቆይ፣ አንድ ነገር በጣም ብዙ ሰው ጽፎልኛል፦ «ዳንግሺን ማለት እርስዎ አይደል?» አይደለም! መዝገበ ቃላት እንደዚያ ሊነግራችሁ ይችላል። በንግግር ግን ባልና ሚስት ይባባሉበታል፣ መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎችም ይጠራሩበታል። የማታውቁትን ትልቅ ሰው «ዳንግሺን» ካላችሁ ጠብ የፈለጋችሁ ይመስላል። ታዲያ ምን እንበል? ብዙ ጊዜ ምንም! አክብሮቱ ግሱ መጨረሻ ላይ አለ። መጥራት ካስፈለገ በማዕረግ ነው፦ መምህሩን «ሶንሴንግኒም»፣ የድርጅቱን ባለቤት «ሳጃንግኒም»። እኩያችሁ የሆነ የሥራ ባልደረባ ከሆነ ሙሉ ስሙ ላይ «ሺ» ጨምሩ፦ «ኪም ሚንሱ ሺ»። የቤተሰብ ስሙን ብቻ ይዛችሁ «ኪም ሺ» እንዳትሉ፣ ንቀት ይመስላል። ራሳችሁን ስታስተዋውቁም በስማችሁ ላይ «ሺ» አትጨምሩ፣ ራስን አንቱ ማለት ነው።

ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ! ምግብ ቤት ገብታችሁ አስተናጋጅ ስትጠሩም ያው፣ «ዳንግሺን» የለም። «ጆጊዮ!» በሉ፣ ይመጣል።