በሲባጎና በዶሮ አንገት፦ ልጆችን ይዞ ፓተክሰንት ወንዝ ላይ

[ምስል፦ ውሃ ላይ የተሠራ የእንጨት መድረክ፤ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነጭ ሲባጎ፤ የትንሽ ልጅ ጣቶች]

ይህ ሲባጎ ነው። ጫፉ ላይ የታሰረው የዶሮ አንገት ነው። መንጠቆ የለውም፣ ዘንግም የለውም። ልጆቻችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሸርጣን ለማጥመድ ወንዝ ስትወስዱ እጃቸው ላይ ማስያዝ ያለባችሁ ይህን ነው። ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ሰሎመንስ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ የሜሪላንዱ ፓተክሰንት ወንዝ ወደ ቼሳፒክ ባሕር ወሽመጥ የሚገባበት ቦታ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ወንዙ ግን ከምናስበው በላይ ቅርባችን ነው፤ ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ከቧንቧ ከምንቀዳው ውሃ ከፊሉ የሚመጣው ከዚሁ ወንዝ የላይኛው ክፍል ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ «ቡና የምናፈላበት ውሃ?» አለችኝ። አዎ፣ እሱው።

የመጀመሪያ ቀን ልጆቼን ያመጣኋቸው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አስይዤ ነበር። ክሩ ተወሳሰበ፣ መንጠቆው የታናሽየውን እጅጌ ያዘ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ዓሣ አልነካንም። የአምስት ዓመት ልጅ ባዶ ውሃ እያየ አንድ ሰዓት አይቆምም፤ ሊቆምም አይገባውም። አጠገባችን የነበሩ አንድ አዛውንት ግን ሲባጎ ብቻ ይዘው ባልዲያቸውን እየሞሉ ነበር። ለልጆቼም አንድ ሲባጎ ቆርጠው ሰጧቸው።

[ምስል፦ አንገቱ ሲታሰር በቅርበት]

አንገቱን ቆዳው እንዳለ እሰሩት፤ ቆዳና አጥንት ስላለው ሸርጣኑ ቶሎ ቦጭቆ አይጨርሰውም። አብራችሁ ትንሽ ድንጋይ ወይም ብሎን እሰሩ፣ መሬት እንዲነካ። ሌላውን ጫፍ መድረኩ ላይ ቋጥሩት። ከዚያ ልጁ በሁለት ጣቱ ክሩን ይያዝ፣ ይጠብቅ።

ሸርጣኑ ሲመጣ ክሩ ይከብዳል፣ ቀስ ብሎም ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል። ልጁ እዚህ ላይ «መጣ!» ብሎ ከሳበ አበቃ፤ ይለቃል። እስከ አፉ የሞላ የቡና ስኒ እንደያዘ ሰው፣ ስንዝር ስንዝር እያለ መሳብ አለበት። ሸርጣኑ ሥጋውን ስለማይለቅ አብሮ ይወጣል፤ የሚለቀው ውሃው ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ገና ጥላው ጠለቅ ብሎ ሲታይ ትልቁ ሰው እጀታ ያለውን መረብ ከሥሩ ያስገባና ወደ ላይ ያነሣዋል። ከላይ መጥለፍ አይሆንም፤ ሸርጣን ወደ ታችና ወደ ጎን ነው የሚያመልጠው።

ልጄ በስድስተኛው ሙከራ አወጣች። ስትስብ ትንፋሿን ይዛ ነበር።

[ምስል፦ ሸርጣን በእጅ ተይዞ፤ ሆዱ ወደ ካሜራው ዞሮ]

ይህ ሰማያዊ ሸርጣን ነው። በሳይንስ ስሙ ካሊኔክተስ ሳፒደስ ይባላል፤ ትርጉሙ «ጣፋጩ ውብ ዋናተኛ» ማለት ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት እግሮቹን ተመልከቱ፤ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ናቸው። ስትይዙት ከኋላ፣ በእነዚህ እግሮች በኩል ያዙት፤ መቆንጠጫዎቹ እዚያ አይደርሱም። ከፊት ከመጣችሁ ይቆነጥጣል፣ ያደማልም።

አሁን ሆዱን እዩ። መሐሉ ላይ ያለው ክዳን እንደ አክሱም ሐውልት ቀጭንና ረጅም ከሆነ ወንድ ነው። እንደ ጉልላት ክብ ከሆነ የደረሰች ሴት ናት፤ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ ገና ያልደረሰች ሴት። የሴቷ መቆንጠጫ ጫፍ ቀለም እንደተቀባ ጥፍር ቀይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለመዝናኛ የሚያጠምድ ሰው ሴቷን ወዲያው መመለስ ግዴታው ነው። ወንዱም ከጎን ሹል እስከ ጎን ሹል ቢያንስ 5 ኢንች መሆን አለበት፣ ከጁላይ 15 ጀምሮ ደግሞ 5 ከሩብ። ይህን ሥራ ለልጆቹ ስጧቸው። ማስመሪያውን እነሱ ይያዙ፣ «ሴት ናት፣ ትመለስ» የሚለውንም እነሱ ይበሉ። የኔዎቹ ከማጥመዱ ይልቅ ይህን ይወዱታል።

በሲባጎ ከዳር ሆኖ ሸርጣን ለማጥመድ ፈቃድ አያስፈልግም። በዘንግ ዓሣ ለማጥመድ ግን ከ16 ዓመት ጀምሮ ላይሰንስ ይጠየቃል። ሕጉ ስለሚሻሻል ከመውጣታችሁ በፊት የስቴቱን የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አንብቡ።

አንድ ነገር በግልጽ ላንሣ። ብዙዎቻችን ሸርጣን አንበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን «ክንፍና ቅርፊት ያለው» ይላል፣ ሸርጣን ሁለቱም የለውም፤ አገር ቤት አምባዛን የማይበሉ ሰዎች ምክንያትም ይኸው ቅርፊት ነው። በእኛ ቤት የተያዘው ሁሉ ይመለሳል። ልጆቹ «ታዲያ ለምን እንይዘዋለን?» ብለው ጠየቁኝ። ልናየው፣ ልንለካው፣ ስሙን ልናውቅ አልኳቸው። ማንም ልጅ ጠርቶ በማያውቀው ፍጥረት አይቆረቆርም ብዬ አምናለሁ። የምትበሉ ከሆነ ደግሞ ባልዲው ውስጥ ውሃ አትጨምሩ፤ በቆመ ውሃ ውስጥ ኦክስጅኑን ጨርሶ ይታፈናል። እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

ዓሣ ለሚፈልግ ነጭ ፐርች አለ፤ ቅርፊት አለው፣ ትንሽ መንጠቆ ላይ በምድር ትል ይያዛል። ልጆች ወደ ዘንግ የሚሸጋገሩት ሲባጎው ትዕግሥት ካስተማራቸው በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ላይፍ ጃኬት መድረክ ላይም አልብሷቸው። በጀልባ ከሆነ ከ13 ዓመት በታች ላሉ፣ ከ21 ጫማ በምታንስ ጀልባ ላይ፣ ግዴታ ነው። እግሩ ወይም እጁ ላይ ቁስል ያለበት ልጅ በበጋ ውሃ ውስጥ አይግባ፤ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ ሞቃትና ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ በቁስል ይገባል። አዲስ ጭረት ካገኛችሁ ወዲያው በንጹሕ ውሃና ሳሙና እጠቡ።

[ምስል፦ ነጭ ስኒከር፤ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጠፋ]

በርኒ ፋውለር የሚባሉ የሜሪላንድ ስቴት ሴናተር ነበሩ፣ 2021 ላይ አርፈዋል። ወጣት ሳሉ እዚሁ ወንዝ ውስጥ እስከ ደረታቸው ገብተው ሸርጣን ሲይዙ ጫማቸውን ያዩት ነበር። ኋላ ግን የፍሳሽና የማዳበሪያ ንጥረ ነገር አልጌ የሚባለውን ጥቃቅን የውሃ አረንጓዴ አበዛው፣ አልጌው ብርሃኑን ከለለ፣ ከታች ያለው ሣር ሞተ። ሸርጣን ቅርፊቱን ጥሎ አዲሱ እስኪጠነክር የሚደበቀው እዚያ ሣር ውስጥ ነው። ከ1988 ጀምሮ በየዓመቱ ነጭ ስኒከር አድርገው፣ ሰው አስከትለው፣ ጫማው ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ ይገቡና ውሃው የደረሰበትን በማስመሪያ ያስለኩ ነበር።

እኛም እናደርገዋለን። ቁስል የሌለው ልጅ፣ ትልቅ ሰው እጁን ይዞት፣ ቀስ እያለ ይገባል። ጫማው ሲጠፋ «ጠፋ!» ይላል፤ ሱሪው እስከየት እንደረጠበ እንለካና ደብተሩ ላይ ቀኑን ጨምረን እንጽፋለን። የዘንድሮው ቁጥር በልጄ እጅ ጽሑፍ ይኸውና።

[ምስል፦ የተከፈተ ደብተር፤ የውሃ ጠብታ ያረፈበት ገጽ]