ማን ሞተ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ብርድ መትቶኝ ነው። ቅዳሜን ከነቤተሰቤ ጫካ አድሬ መጣሁ።

የምንኖረው ሰበታ ነው። የወጨጫን ተራራ ስንት ዓመት ከመስኮት አየሁት! ሥሩ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ግን አንድ ሌሊት አድሬ አላውቅም። ድንኳን ከጓደኛ ተዋስኩና አርብ ማታ ግቢያችን ውስጥ ተክለን ሞከርነው። ጎረቤታችን በአጥር አይታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከች አለች። "ምነው፣ ማን ሞተ?" እውነቷን ነው፣ እኛ ሰፈር ድንኳን ወይ ለሰርግ ነው ወይ ለለቅሶ።

እናቴ ደግሞ "ቤት እያላችሁ የጅብ እራት ልትሆኑ?" አለች። ሦስት ጋቢ ግን አስያዘችን። ሦስቱም አልበቁም።

ደኑን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። አንዱን ጥድ ከሁለት ልጆቼ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ልናቅፈው ሞከርን። አልደረስንም። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ነጭ ጅራታቸውን አንዠርግገው ያዩናል። ትንሿ ልጄ "እነሱም ጋቢ አላቸው" አለች።

አሁን ወደ እሳቱ ልምጣ። ልነግራችሁ የፈለግኩት እሱን ነው።

በተፈቀደልን ቦታ ትንሽ እሳት አንድደን ድንች ጠበስን። ልንተኛ ስንል አፈር አለበስኩት። ጭሱ ጠፋ፣ በቃ ጨረስኩ ብዬ ዞርኩ። የደኑ ጥበቃ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። አፈሩን በዱላ ገለጡት። ከሥሩ ፍሙ ቀይ ነው! አፈርኩ። "አባባ፣ የጠፋ መስሎኝ ነው" አልኩ።

"መጥፋትና መቀዝቀዝ ይለያያል፣ ልጄ።"

ውሃ አፈሰሱበት፣ አማሰሉት፣ ደግመው አፈሰሱበት። ከዚያ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ወደ አመዱ ጠጋ አደረጉ። መጨረሻ ላይ አመዱን በእጃቸው ዘገኑት። ልጆቹንም አስዘገኗቸው። እስኪቀዘቅዝ ድረስ ንቅንቅ አላሉም።

ባህር ዛፍ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የሐበሻ ጥድ እንደዚያ አይደለም፤ አንዴ ከተቃጠለ ከዘር መጀመር ነው። ያን ልናቅፈው ያቃተንን ዛፍ አስቡት።

እኔ፣ አልዋሻችሁም፣ ጥበቃና ስካውት የሚባለውን ነገር ገንዘብ መሰብሰቢያ አድርጌ ነበር የማየው። ሰሜን ተራሮች የሄድኩ ጊዜ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ፓርክ ጠባቂ፣ መግባት አይቻልም ሲሉኝ መንገዱን ሙሉ አጉረመረምኩ። ያ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ተብሎ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ፣ የወጣው በ2017 ነው። 21 ዓመት! ግጦሹና እርሻው ዋልያውን መድረሻ አሳጥቶት ነበር። ያኔ ይህን ባውቅ አፌን እይዝ ነበር።

ስለ ቆሻሻ በአጭሩ። አንድ ፌስታል ይዘን ገብተን ሦስት ይዘን ወጣን። ሁለቱ የእኛ አይደሉም። ሰው የውሃ ፕላስቲክ ሞልቶ ተሸክሞ ወጥቶ፣ ባዶው እንዴት እንደሚከብደው እስካሁን አልገባኝም።

ሌሊቱ? ጅብ ከሩቅ ጮኸ፣ ባለቤቴ ክንዴን አንቃ አነጋች። ልጆቹ አልሰሙም።

እሑድ ከሰዓት እናቴ ቡና አፈላችልን። አቦሉን ጠጥተን ወሬ ይዘናል። ትንሿ ልጄ በጆግ ውሃ ይዛ መጣችና ከሰሉ ላይ ቸለሰችው። ቤቱ በአመድ ታጠነ። ቁጢጥ ብላ መዳፏን ዘረጋች።

"አያቴ፣ ገና አልቀዘቀዘም።"

እናቴ ጀበናውን እንደያዘች "ቶናዬን!" ብላ ጮኸች።