ከሩቅ መጥተው ጎረቤት ለሆኑን

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። በዛሬው ዝግጅት የምናገረው ከሌላ ቦታ መጥተው በደብረ ብርሃን ስለሚኖሩና ስለሚሠሩ ጎረቤቶቻችን ነው። ስለ እነርሱ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለሚያስፈልጋቸው እርዳታ ሲሆን፣ ይህም ተገቢ ነው። እነርሱ በየዕለቱ ለእኛ ስለሚያበረክቱት ግን እምብዛም ሲነገር አልሰማም፤ ይህ ስለሚያሳዝነኝ ነው ማይክሮፎኑን ያነሣሁት።

ሰሜን ሸዋ ከጥንትም በእንግዳ ሰው ልፋት የተጠቀመ አገር ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር ቁልቁል በምትገኘው በአልዩ አምባ የአርጎባ፣ የአፋርና የሐረር ነጋዴዎች ይገናኙ ነበር፤ ከታጁራ በኩል በግመል የሚጓዘው ሸቀጥ ለደገኛው ይደርስ የነበረው በእነርሱ ድካም ነው። ዛሬም በሸዋ ሮቢት ቆላ ሽንኩርቱ ሲደርስ፣ ከደጋው የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ባይኖሩ ምርቱ ማሳ ላይ በቀረ ነበር።

በእኛ ከተማ በቅርብ ዓመታት በብዛት የተጠለሉት ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ናቸው። ከመካከላቸው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ቤተሰቦቻቸው ከወሎ ተነሥተው በሰፈራ ወደዚያ የሄዱ አሉ፤ እነዚህ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ኑሮን ከባዶ የጀመሩ ናቸው። የበቆሎና የቡና አገር ለምዶ የኖረ ገበሬ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ብርዳም ከተማችን መጥቶ፣ ማልዶ ተነሥቶ የቀን ሥራ ፍለጋ መንገድ ዳር ሲቆም ማየት ቀላል አይደለም። ሆኖም በሰፈራችን የቆሙትን አዳዲስ ቤቶች ድንጋይ የተሸከመው፣ ሲሚንቶውን ያቦካው፣ መሠረቱን የቆፈረው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ሰው ነው።

ከእኛ ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት አሉ። እንደ መጡ ሰሞን ብርዱ ሊጡን አላቦካ ብሎ አስቸግሯቸው ነበር። ከዚያ የሊጡን ባልዲ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለው ከምድጃው አጠገብ ማሳደር ጀመሩ። «እማማ፣ ይህን ማን አሳየዎት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ሊጥም እንደ ሰው ሙቀት ይወዳል» አሉኝ። ዛሬ በአካባቢያችን ያሉ ሻይ ቤቶች እንጀራ የሚወስዱት ከእርሳቸው ነው፤ እርሳቸውም የጎረቤት ሁለት ወጣት ሴቶችን ሥራ አስይዘዋል። ተረጂ ተብለው የተመዘገቡ እናት ዛሬ አሠሪ ናቸው፤ ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው ደጋግሜ የማወራው።

እንዲህ ያለውን ሰው ማመስገን በቃል ብቻ መቅረት የለበትም ብዬ አምናለሁ። አማራጭ የለውም በሚል ሒሳብ የተፈናቀለን ሰው ከሌላው ባነሰ ዋጋ ማሠራት፣ ወይም ደመወዙን ዛሬ ነገ እያሉ ማመላለስ፣ ግፍ ነው። የእኛም እኅቶች በጅዳና በቤይሩት በሰው ቤት ይሠራሉ፤ ደመወዛቸው ተከለከለ ሲባል ስንሰማ እንዴት እንደምንንገበገብ እናውቃለን። በራሳችን ደጅ የሚሠራውም ሰው ያው ሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን አንድ አዛውንት ሲያርፉ፣ በዝናብ ውስጥ ድንኳን የተከሉት፣ አግዳሚ ወንበር የተሸከሙትና መቃብር የቆፈሩት ብዙዎቹ የእድሩ አባል ያልሆኑ፣ ከወለጋ የመጡ ወንዶች ነበሩ። ማንም አልጠራቸውም፤ ልቅሶ ሰምተው መጡ። ከእነርሱ አንዱ ቢሞት ግን በእድራችን ደንብ መሠረት ድንኳናችንን የመጠየቅ መብት የላቸውም፤ ምክንያቱም መግቢያውን በአንድ ጊዜ መክፈል ስለማይችሉ አልተመዘገቡም። ስለዚህ መግቢያው በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈልና ከመጀመሪያው ክፍያ ጀምሮ ሙሉ አባል እንዲሆኑ ለእድራችን ዳኛ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም ቆሜ እናገራለሁ። የሌላ ሰፈር እድር አባል የሆናችሁ አድማጮቼም ይህንኑ ጥያቄ በየእድራችሁ እንድታነሡ በትሕትና እጠይቃለሁ።